እንደ አናጢው ቀብድ ጠይቁ፦ ለፍሪላንስ ዴቨሎፐሮች የውልና የክፍያ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ የስቶክ ሲስተም (የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) እሠራ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነን። ሱቁ ጥግ ላይ ተቀምጬ የዕቃ ዝርዝር ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። እስከዚያ ቀን አንድ ብር አልተከፈለኝም።

አንድ አናጢ ገባ። መደርደሪያ ሊሠራ ነው። ሜትሩን አወጣ፣ ግድግዳውን ለካ፣ ዋጋ ጠራ። ባለሱቁ ትንሽ ተከራከሩትና ተስማሙ። አናጢው እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ ቀብድ፣ እንጨት ልግዛ" አለ። መሳቢያውን ከፍተው ቆጥረው ሰጡት። ከመጣ እስኪሄድ ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

እኔም ደፈር አልኩ። "ጋሼ፣ የእኔስ ነገር?"

"አይዞህ ኢንጂነር፣ ነገ እንነጋገራለን።"

ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ "ዱቤ ለመጠየቅ ነገ ይምጡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ሥሩ ቁጭ ብዬ በዱቤ እሠራለሁ። ክፍያው እየተቆራረጠ አምስት ወር ፈጀ። የመጨረሻው ሲሶ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ረጅም ጊዜ ሰውየውን ስረግም ኖርኩ። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ቀብድ ለጠየቃቸው ሰው ያለ ክርክር ከፍለዋል። እኔ አልጠየቅኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞም የአናጢው እንጨት ይታያል፤ የእኔ እንጨት ቀኖቼ ናቸው፣ ስንት እንደማገድኩ ማንም አያይም። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምይዝበትን መንገድ እንዳለ ቀየርኩ። ከዚህ በታች ያለው እሱ ነው። በብዛት የሚያወራው አገር ውስጥ ላለ ደንበኛ ነው፤ ውጭ ላለው መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ።

1. ከፋዩ ማን እንደሆነ እወቁ

"ሲስተም እንፈልጋለን" ብሎ የሚደውለው ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያዘው ሰው አይደለም። የባለቤቱ ልጅ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ነች፣ ወይም "ኮምፒውተር የሚያውቀው" የወንድም ልጅ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ወር ስትመላለሱ ትቆዩና ባለቤቱ መጥተው "ይሄ ሁሉ ለምን?" ይላሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ስልክ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው አሁን በምን እየተሠራ ነው? ችግሩ በወር ምን ያህል ያከስራችኋል? ክፍያ የሚፈርመው ማን ነው፣ መቼስ ላገኘው እችላለሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያድበሰብስ ሰው ጋ ጊዜ አታጥፉ።

የፕሮፎርማን ነገርም ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቶች ግዥ ሲፈጽሙ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ። አንዳንዴ አሸናፊው ቀድሞ ይታወቃል፤ እናንተ ቁጥር ማሟያ ናችሁ። ምልክቱ ቀላል ነው። ስለ ሥራው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ "ማኅተም ያለበት ፕሮፎርማ ዛሬ ማታ ላክልን" ይላሉ። ላኩ፣ ምንም አይደል። ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አትድከሙበት።

ወሩንም እዩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ የተረፈ ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ይጣደፋል፣ ውል ያስፈርማል። የመጨረሻው ክፍያችሁ ሐምሌ ላይ ከወደቀ ግን አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ጠብቁ ትባላላችሁ። ነጋዴ ደግሞ በዓል ሲቃረብ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ዕቃ ላይ ያፈሳል። የክፍያ ቀን ስትቆርጡ ከበዓል በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ብታደርጉት ይሻላል።

2. ካርድ አስወጡ

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ስንት ይፈጃል?" ነው። ሥራውን ሳታዩ አንድ ቁጥር ከጠራችሁ አለቀላችሁ። ከሦስት ወር በኋላ ሥራው እጥፍ ሆኖ እንኳ "አንተ ራስህ በስልክ ሰማንያ ሺህ ብለኸኝ የለ?" ትባላላችሁ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ "እንዲህ ዓይነት ሥራ ከ150 ሺህ እስከ 350 ሺህ ብር ይደርሳል። የእርስዎ የት ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ መጥቼ ማየት አለብኝ።" አሥራ አምስት ሺህ ብር ይዞ የመጣው ሰው እዚሁ ላይ ይሰናበታል። በሰላም ይሂድ።

ቀጥሎ የጥናት ክፍያ ጠይቁ። ክሊኒክ ስትሄዱ ሐኪሙ ሳያያችሁ ካርድ ታወጣላችሁ። ማንም በዚህ አይከፋም። እኛም ካርድ እናስወጣ። ሦስት ቀን ሱቃቸው ትውላላችሁ፣ ደብተራቸውን ታያላችሁ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን ታናግራላችሁ፣ አምስት ገጽ ጽፋችሁ ታስረክባላችሁ። ለዚህ 15 ሺህ ብር ትቀበላላችሁ። ሥራውን ለእናንተ ከሰጡ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ይታሰባል። ወረቀቱን ይዘው ሌላ ሰው ጋ ከሄዱም መብታቸው ነው፤ ድካማችሁ ተከፍሏል።

ይህች እርምጃ ለማጣራትም ትረዳለች። 15 ሺህ ብር ለመክፈል አንድ ወር የሚያመላልስ ሰው ሁለት መቶ ሺህ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

አንዴ አንድ ትምህርት ቤት የወርሃዊ ክፍያ መከታተያ አፕ አሠራን ብሎ ጠራኝ። ጥናቱን ስጨርስ አፕ አያስፈልጋቸውም ነበር። ለየተማሪው መለያ ቁጥር መስጠትና አንድ በደንብ የተሠራ የኤክሴል ፋይል ይበቃቸዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው። የጥናቱን ብቻ ከፍለውኝ ተለያየን። በዚያ ዓመት ከያዝኳቸው ደንበኞች ሁለቱን የላኩልኝ እነሱ ናቸው።

3. ዋጋውን ከኑሯችሁ ተነሥታችሁ አስሉ

ብዙዎቻችን ዋጋ የምናወጣው "እገሌ ስንት ጠየቀ?" ብለን ነው። እገሌ ደግሞ ቤተሰቡ ቤት ይኖር ይሆናል።

ከራሳችሁ ጀምሩ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንተርኔት፣ ግብር፣ ላፕቶፕ ሲበላሽ መተኪያ፣ ለቤተሰብ የምትልኩት ተደምሮ በወር 70 ሺህ ብር ያስፈልጋችኋል እንበል። በወር 22 የሥራ ቀን አለ። ግን ሁሉንም ቀን ኮድ አትጽፉም። ፕሮፎርማ ማድረስ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ "ና ይሄ ነገር አልሠራ አለ" አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። ልባችሁን አረጋግታችሁ ብትቆጥሩ 14 ቀን ይቀራል። 70 ሺህ ለ14 ሲካፈል በቀን 5 ሺህ ብር።

ሥራው 35 ቀን ይፈጃል ካላችሁ 175 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ ሩቡን ጨምሩ። ለማይታወቀው ነው፣ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አለ። 218,750 መጣ። የአንድ ዓመት ሰርቨርና ዶሜን 21,250 ቢሆን ጠቅላላው 240 ሺህ ብር።

አሁን ዞር ብላችሁ ከደንበኛው ወንበር ላይ እዩት። አከፋፋዩ በየወሩ 30 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ የት እንደገባ ሳያውቅ ይጠፋበታል እንበል። በስምንት ወር ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ይህን ስሌት እሱው ፊት፣ እሱው በሰጣችሁ ቁጥር ሥሩለት። "ውድ ነው" የሚለው ቃል ያን ጊዜ ይለዝባል። ስሌቱ ካልሠራ ደግሞ፣ ማለትም ሲስተሙ በሦስት ዓመትም የማይመልስ ከሆነ፣ ንገሩት። በኋላ ቆጭቶት ክፍያ ከሚያንጓትት አሁን ቢቀር ይሻላል።

የዶላርን ነገር አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ የሁለት ደንበኞችን የዓመት ሰርቨር ቀድሜ በብር ተዋውዬ ነበር። ልዩነቱን ከኪሴ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ በዶላር የሚከፈል ነገር በሙሉ በደንበኛው ስም ይከፈታል፣ ወይም "በክፍያው ቀን ባለው የባንክ ተመን ይሰላል" ተብሎ ይጻፋል። ፕሮፎርማዬም ላይ "ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ብቻ የጸና ነው" የሚል አለ።

"ቀንስ" መባላችሁ አይቀርም። መርካቶ ያደገ ሰው ሳይከራከር ቢገዛ ራሱን ይታዘባል። ዋጋውን ብቻ ከቀነሳችሁ ግን የመጀመሪያው ቁጥር ውሸት ነበር ማለት ነው። ሥራውን ቀንሱ። "200 ሺህ ይሁን፤ የወር ሪፖርቱንና የሁለተኛውን መጋዘን ለቀጣይ ዙር እናቆየው።" ብዙ ጊዜ "አይ፣ እሱማ ያስፈልገኛል" ይላሉ። ዋጋው ተመለሰ።

4. የማይሠራውንም ጻፉ

የሥራ ዝርዝር አንድ ገጽ ይበቃል፣ በሰው አማርኛ። "ዳታቤዝ"፣ "ኤፒአይ" የሚሉትን ተዉአቸው። "ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃ ስትሸጥ ከመጋዘን ቁጥር ላይ ወዲያው ይቀነሳል" በሉ።

ከሥሩ "በዚህ ዋጋ የማይካተት" የሚል ክፍል ይኑር። እኔ ከቆሰልኩባቸው ልጥቀስ፦ የድሮ ደብተር ወደ ሲስተም ማስገባት፣ የስልክ አፕ፣ ማተሚያና ባርኮድ ማንበቢያ መግዛት፣ ከባንክ ወይም ከቴሌብር ጋር ማገናኘት፣ ከሁለት ቀን በላይ ሥልጠና። አንዳንድ ሰው ይህን ክፍል መጻፍ ደንበኛን ያስደነግጣል ይላል። የሚያስደነግጠው በኋላ ሲሰማው ነው። "ሲስተሙ ሙሉ ይሁን ብቻ" ከሚል ደንበኛ ጋር ደግሞ "ሙሉ" ምን ማለት እንደሆነ ሳትነጋገሩ ከወንበራችሁ አትነሡ።

5. ቀብድ

አሁን ወደ አናጢው እንመለስ።

ቀብድ የሰፈር ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይናገርበታል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቤት የገዛ፣ መኪና የገዛ፣ ሰርግ የደገሰ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ደንበኛችሁም ያውቃል። "ዲፖዚት" ወይም "ማይልስቶን" ስትሉት ፊቱ ይኮማተራል፤ "ቀብድ" ስትሉት ይገባዋል።

እጥፍ መመለሱ እናንተንም እንደሚነካ ልብ በሉ። ስለዚህ ቀብዱን ትንሽ አድርጉት፤ ትልቁን ገንዘብ "ቅድመ ክፍያ" ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። የ240 ሺህ ብሩን ሥራ ክፍያ እንዲህ እከፋፍለዋለሁ፦

- ውል ሲፈረም ቀብድ፣ 24 ሺህ። ቀኖቼን ለእሱ ለመያዝ ነው፤ ከዋጋው ላይ ይታሰባል።
- ሥራው ሊጀመር ቅድመ ክፍያ፣ 72 ሺህ።
- ሽያጭና መጋዘን ሠርቶ በዓይን ሲታይ፣ 72 ሺህ።
- በርክክብ ቀን፣ ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ) ከመሰጠቱ በፊት፣ 48 ሺህ።
- ሲስተሙ 30 ቀን ከሠራ በኋላ፣ 24 ሺህ።

የመጨረሻው ለምን ትንሽ ሆነ? በእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚጠፋው የመጨረሻው ክፍያ ስለሆነ ነው። ቢቀር ያናድዳችኋል እንጂ የቤት ኪራይ አያስጨንቃችሁም።

ከባዱ ነገር መጠየቁ ነው። አፌ የለመደው ንግግር ይኸው።

"እኔን አታምነኝም እንዴ?"

"አምንዎታለሁ ጋሼ። አናጢ እንጨት ሳይገዛ መደርደሪያ አይሠራም። እኔም ለእርስዎ ሥራ ሁለት ወር ገዝቼ ልዘጋ ነው። በእነዚህ ቀናት ሌላ ሥራ አልይዝም።"

"መጀመሪያ ሥራህን ልይ እንጂ።"

"ልክ ነዎት። ክፍያውን አምስት ቦታ የከፋፈልኩት ለዚሁ ነው። ግማሹን ሳያዩ ሦስተኛውን አይከፍሉም።"

"ሌላ ልጅ ያለ ቀብድ እሠራለሁ ብሎኛል።"

"ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ ጀምሬ የጨረስኩት ሥራ የለም።"

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም "ካልተመቸዎት ግን ግዴለም፣ ስንጀምር እናየዋለን" ማለት ምላሳችሁ ላይ ይመጣል። ያ ይሉኝታ ነው። ቡናችሁን ጠጡ። ስንቴ እዚህች ላይ አፌን ከፍቼ ብር እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ የሚጀመረው ገንዘቡ በገባ ማግሥት ነው። የስክሪን ሾት ገንዘብ አይደለም፤ ምስል ይቀነባበራል። ሂሳባችሁን ከፍታችሁ እዩ። ገንዘቡ በአሥር ቀን ከዘገየ የርክክቡም ቀን በአሥር ቀን ይገፋል። ይህንንም በዚያው ቀን በመልእክት አሳውቁ።

የቀን ቀጠሮ ያለው ቼክ የሚሰጣችሁም ይኖራል። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል የሚያስጠይቅ ስለሆነ ብዙ ሰው እንደ ዋስትና ያየዋል። እኔ ለቀብድ አልቀበልም። ሥራ ልጀምር ስል ከደንበኛዬ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የምንገናኝበትን ወረቀት ኪሴ ውስጥ መያዝ አልፈልግም።

6. ውሉ ሁለት ገጽ ይበቃል

በቃል የተደረገ ስምምነትም በሕግ ፊት ውል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ማስረዳቱ ነው። በጽሑፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርሙበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 የጽሑፍ ውል ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ብዙ ዴቨሎፐር ከኢንተርኔት ያወረደው የፈረንጅ ውል ላይ የምስክር ቦታ ስለሌለ ይህን ይዘለዋል። ድርጅት ከሆነ የሚፈርመው ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ ይሁን፣ ማኅተምም ይኑር። ውልና ማስረጃ ድረስ መሄድ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግዴታ አይደለም።

ዋናው የሥራ ዝርዝሩና የክፍያ ሰንጠረዡ ነው። ከዚያ ውጭ እነዚህን አራት አንቀጾች ቃል በቃል መውሰድ ትችላላችሁ፦

"ደንበኛው የየደረጃውን ሥራ ካየ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልሰጠ ሥራውን እንደተቀበለ ይቆጠራል።"

"ከሥራ ዝርዝሩ ውጭ የሚጠየቅ ለውጥ የሚሠራው በዋጋውና በቀኑ ላይ በጽሑፍ ከተስማማን በኋላ ብቻ ነው።"

"ክፍያ ከ10 ቀን በላይ ከዘገየ ሠሪው ሥራውን ማቆም ይችላል፤ የርክክቡ ቀንም በዚያው ልክ ይራዘማል።"

"የሶርስ ኮዱ ባለቤትነት ወደ ደንበኛው የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያ ሲጠናቀቅ ነው።"

የመጨረሻዋን እንዳትረሱ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራምም ጥበቃ ይሰጣል። ግን ታዝዛችሁ በሠራችሁት ሥራ ላይ ዝም ካላችሁ ነገሩ ለአሠሪው ያደላል። ስለዚህ አትዘሉት፣ ጻፉት።

ስለ ወለድም አንድ ቃል። ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ነው። ከገበያው ግሽበት ጋር ስታነጻጽሩት ማዘግየት ለባለዕዳው ትርፍ ይሆናል። ሥራ የማቆም መብታችሁ ከወለዱ የበለጠ ጉልበት አለው።

7. ሥራው መሐል ላይ

በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ የደረሳችሁበትን አሳዩ። ያለቀ መሆን የለበትም። የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ደንበኛ ሦስተኛውን ክፍያ ሲጠየቅ አይደነግጥም። ሁለት ወር ጠፍቶ አንድ ቀን "አልቋል፣ ክፈሉኝ" ብሎ የሚመጣ ዴቨሎፐርማ እኔም ብሆን ያስፈራኛል።

ሰርቨሩ እስከ ርክክብ ድረስ በእናንተ እጅ ይሁን። ደንበኛው ይሞክረው፣ ይጠቀምበት። ኮዱ ግን ከክፍያው ጋር ይተላለፋል።

"ትንሽ ነገር ናት፣ ለአንተ አምስት ደቂቃ ነው" ሲመጣ እምቢ አትበሉ። "ደስ ይለኛል። አይቼ ዋጋዋንና ቀኗን ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ" በሉ። እውነትም አምስት ደቂቃ ከሆነች ሥሯት፤ ግን በዝርዝሩ ላይ "ያለ ክፍያ የተሠራ" ብላችሁ መዝግቧት። አሥር ስትሞላ ወረቀቱ ራሱ ይናገርላችኋል።

የቴሌግራም ድምፅ ሌላው ጣጣ ነው። ደንበኛ መኪና እየነዳ የአራት ደቂቃ ድምፅ ይልካል፣ ውስጡ ሦስት አዲስ ሥራ አለ። ሁልጊዜ በጽሑፍ መልሱት፦ "እንደተረዳሁት የፈለጉት ይህ፣ ይህና ይህ ነው። ሁለተኛው ከውላችን ውጭ ነው። ልክ ነኝ?" ያቺ "አዎ" የምትል መልስ በኋላ ወርቅ ናት።

ካልከፈሉኝ እዘጋዋለሁ ብላችሁ በድብቅ መቆለፊያ ኮድ ውስጥ አትቅበሩ። ጓደኞች ሲመክሩኝ ሰምቻለሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ተበዳይ ሆናችሁ ገብታችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ትወጣላችሁ። መቆለፍ ከፈለጋችሁ በግልጽ፣ በውሉ ላይ ተጽፎ፣ ደንበኛው ፈርሞበት ይሁን።

8. ገንዘቡን መሰብሰብ

ደንበኛችሁ ድርጅት ከሆነ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ ነው የሚከፍላችሁ። ለዓመታት 2 ከመቶ ነበር፤ በ2017 የገቢ ግብር ማሻሻያ 3 ከመቶ ሆኗል። ከ240 ሺህ ብር ላይ 7,200 ብር ማለት ነው። "ጎደለብኝ" ብላችሁ አትጣሉ፤ የዊዝሆልዲንግ (የተቀነሰውን ቅድመ ግብር የሚያሳየውን) ደረሰኝ ተቀበሉ። ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። ደረሰኙን ካልተቀበላችሁ ግን በእርግጥም ጎደለባችሁ። ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ከሌላችሁ ደግሞ የሚቆረጠው 30 ከመቶ ነው፣ 72 ሺህ ብር። ንግድ ፈቃድና ቲን ሳታወጡ ትልቅ ሥራ አትያዙ የምለው ለዚህ ነው። ለቫት የተመዘገባችሁም ዋጋችሁ "ከ15 ከመቶ ቫት በፊት" መሆኑን ከመጀመሪያው ጻፉ።

"ነገ" ከጀመረስ? ቅደም ተከተል አለኝ። ቀኑ ባለፈ ማግሥት አጭር መልእክት፣ ከደረሰኝ ቁጥር ጋር፣ ምንም ወቀሳ የለበትም። በሳምንቱ ስልክ፤ ጥያቄው "መቼ ይከፍሉኛል?" ሳይሆን "ማክሰኞ ጠዋት ልምጣ ወይስ ረቡዕ?" ነው። አሥር ቀን ካለፈ ሥራ መቆሙን በጽሑፍ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይከፍላሉ። በወሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፦ የውሉ ቀን፣ ያልተከፈለው መጠን፣ የመጨረሻ ቀን። ሕጉም ተዋዋይን ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቅን ይፈልጋል።

ከዚያ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሽማግሌ ሞክሩ። ነጋዴ ከዳኛ ይልቅ አብሮት ዕቁብ የሚጥለውን ሰው ያፍራል። ያስተዋወቃችሁ ሰው ካለ እሱ ይግባበት።

9. ዘመድና ዳያስፖራ

ለዘመድ በነፃ መሥራት ትችላላችሁ። በግማሽ ዋጋ መሥራት ግን አደጋ ነው፤ እሱ ከፍያለሁ ይላል፣ እናንተ ረድቻለሁ ትላላችሁ። ቅናሽ ካደረጋችሁ ፕሮፎርማው ላይ ሙሉውን 240 ሺህ ጽፋችሁ ከሥሩ "የዝምድና ቅናሽ" ብላችሁ ቀንሱ። ዋጋው ስንት እንደነበር ይታወቅ።

ዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ወይም የሂሳብ ቢሮ ያላቸው ወገኖቻችን ጥሩ ደንበኞች ናቸው፤ ቅድመ ክፍያ እዚያም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ትቀድማለች፤ የስብሰባ ሰዓታችሁን በውሉ ጻፉ፣ አለዚያ ሌሊት ትነቃላችሁ። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም፤ ፔዮኒር ወይም የባንክ ዝውውር ቀድማችሁ ተስማሙ። የማታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ እንደ አፕወርክ ባለ ፍሪላንሰርና ደንበኛን በሚያገናኝ የኢንተርኔት መድረክ በኩል ይሁን። ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ግን ገንዘቡ ሥራው ሳይጀመር ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

10. ከርክክብ በኋላ

በርክክብ ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ይፈረም፦ ምን ተሰጠ፣ የይለፍ ቃሎቹን ማን ተረከበ፣ ዋስትናው እስከ መቼ ነው። እኔ ሦስት ወር እሰጣለሁ፤ ያበላሸሁትን በነፃ አስተካክላለሁ። ወረቀቱ ካልተፈረመ ሦስቱ ወር ሦስት ዓመት ይሆናል። አሁንም ቅዳሜ ማታ "ማተሚያው አልሠራ አለ" የሚሉኝ የድሮ ደንበኞች አሉኝ።

ዋስትናው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የምልከው መልእክት ይህ ነው። ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይሩበት፦

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የሲስተሙ የሦስት ወር ዋስትና የፊታችን ሐሙስ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ክትትሉ በወር 4 ሺህ ብር ነው፤ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ከከፈሉ 20 ሺህ ይሆናል። ካልፈለጉም ችግር የለም፤ በተጠራሁ ቁጥር በቀን ሂሳብ እመጣለሁ። የትኛው ይመችዎታል?"